ከግእዝ ወደ ቁርኣን፣ ከቁርኣን ወደ አማርኛ

ኡሙ ኻሊድ ሐበሻ ምድር የተወለደች ልጅ ናት። ወላጆቿ የቁረይሾችን በደል ሸሽተው ባሕር ከተሻገሩት ቀደምት ሙስሊሞች ነበሩ። ስደተኞቹ ወደ መዲና ሲመለሱ እሷ ገና ትንሽ ልጅ ናት። አንድ ቀን ለነቢዩ ሙሐመድ ልብስ መጣላቸው፤ ከመካከሉ አንዲት ትንሽ፣ ጥለት ያላት ጥቁር ልብስ ነበረች። ይህቺን ለማን እንስጣት ብለው ቢጠይቁ ሰው ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አስጠሯት። ልጅቱን ታቅፈው አመጧት፤ በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ለብሰሽ አሮጊው ብለው መረቋት። ከዚያም የጥለቱን ቀለም እያሳዩ «ሰናህ» አሏት። ታሪኩን የተናገረችው ኡሙ ኻሊድ ራሷ ናት፣ አድጋ። ኢማሙ ቡኻሪ በሐዲስ ስብስባቸው ሲመዘግቡት ቃሉ በሐበሾች ቋንቋ «ቆንጆ» ማለት መሆኑ አብሮ ተጽፏል። ግእዝ የቀመሰ ሰው ትርጉሙን መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ሠናይ ነው።

ይህ ታሪክ ማንንም አላስቆጣም። ትልቅ ሰው ሕፃን ልጅን በተወለደችበት አገር ቋንቋ ሲያጫውታት ደስ ይላል እንጂ ምን ያጣላል። ጠቡ የሚነሣው እንዲህ ያለው ቃል ከሐዲስ አልፎ ቁርኣን ውስጥ ሲገኝ ነው።

«ይህን ከየት አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ከአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ጥያቄው የቁርኣን እኩያ ነው። መካ ውስጥ ነቢዩን የሚቃወሙ ሰዎች ነገሩን የጥንት ሰዎች ተረት ነው፣ የሚያስተምረውም ሰው አለ ይሉ እንደነበር የሚነግረን ራሱ ቁርኣን ነው። ሱረቱን ነሕል ክሱን አንሥቶ መልስ ይሰጥበታል፤ የጠረጠራችሁት ሰው አንደበቱ የባዕድ ነው፣ ይህ ግን ግልጽ ዐረብኛ ነው የሚል መልስ። ተጠርጣሪው ማን እንደነበረ ተንታኞች ሲያፈላልጉ ብዙ ስም ጠርተዋል። የኢብን ኢስሓቅ የነቢዩ የሕይወት ታሪክ ጀብር የሚባል ወጣት ክርስቲያን ባሪያን ይጠቅሳል፤ ነቢዩ መርዋ ኮረብታ አጠገብ እሱ ዘንድ ደጋግመው ይቀመጡ ነበርና ሐሜቱ የተነሣው ከዚያ ነው ይላል። የሙስሊም ወግ ክሱን አልደበቀውም፤ ከነተከሳሹ ስም አቆይቶታል።

ያ «ግልጽ ዐረብኛ» የሚለው አነጋገር ግን ለሙስሊም ሊቃውንት ከባድ የቤት ሥራ ነበር። መጽሐፉ በጠራ ዐረብኛ ከወረደ ባዕድ ቃል ምን ሊሠራበት ይገባል? እ.ኤ.አ. በ820 ያረፉት ኢማሙ ሻፊዒ (ከዚህ በኋላ የማነሣው ዘመን ሁሉ፣ ካልተለየ በቀር፣ በዚሁ አቆጣጠር ነው) ምንም ባዕድ ቃል የለበትም አሉ። ዐረብኛ ሰፊ ነው፤ ሁሉን ጠቅልሎ የሚያውቀው ነቢይ ብቻ ነው፤ አንዱ የማያውቀውን ሌላው ያውቀዋል። በ923 ያረፉት ታላቁ ተንታኝ ጠበሪ ደግሞ ሁለት ቋንቋ አንድ ቃል ላይ ቢገናኝ አንዱ ካንዱ ወስዷል ያሰኛል ወይ ብለው ሞገቱ። አቡ ዑበይድ አል ቃሲም የሚባሉት የዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ግን ባዕድ ቃል አለ የሚሉትንና የለም የሚሉትን አስታረቁ። ቃሎቹ በሥራቸው የባዕድ ነበሩ፤ ዐረቦች ባፋቸው አላምጠው የራሳቸው አደረጓቸው፤ ቁርኣን ሲወርድ ዐረብኛ ሆነው ቆዩት። ለእኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ይህ ነው። «ጠረጴዛ» የሚል አማራ ግሪክኛ እየተናገረ አይደለም።

በዚህ ነገር ብዙ የደከሙት በ1505 ያረፉት የግብፁ ሊቅ ጀላሉዲን ሱዩጢ ናቸው። ስለ ሐበሾች ክብር ራሱን የቻለ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። «ኢትቃን» በተባለው ታላቅ ሥራቸው የባዕድ ናቸው የተባሉትን ቃላት ከነቋንቋቸው ደረደሯቸው፤ የፋርስ አለ፣ የሮም አለ፣ የሱርስት፣ የዕብራይስጥ፣ የቅብጥ፣ የሐበሻም። ከሳቸው በፊት ታጁዲን ሱብኪ 27 ቃላትን በግጥም አስረው ነበር፤ ኢብን ሐጀር 24 ጨመሩበት፤ ሱዩጢ የቀረውን በዚያው ቤት አስከትለው ከመቶ በላይ አደረሱት። ተማሪ በቃሉ እንዲይዘው ነው። የሐበሻ ተብሎ ከተያዘው አንዱ «ኪፍለይን» ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ሁለት ድርሻ ማለት። ይህን የሐበሻ ነው ያሉት አቡ ሙሳ አል አሽዐሪ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከጃዕፈር ቢን አቢ ጧሊብ ጋር ሐበሻ ምድር የቆዩ ሰው ናቸው፣ ጆሯቸው ያውቃል።

ዝርዝሩ ሁሉ ግን የታመነ አይደለም። «ሲኒን» የሚለው ቃል በሐበሾች ቋንቋ «ቆንጆ» ነው ተብሏል፤ ቃሉ ሲና ተራራን የሚጠራ መሆኑ ግልጽ ነው፣ ሠናይን የሰማ ሰው ያገናኘው ይመስላል። «ቀስወራ»ም በሐበሻ ቋንቋ አንበሳ ነው ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ አንበሳን አንበሳ ከማለት በቀር ቀስወራ ያለ ሐበሻ እኔ አላጋጠመኝም። ቢሆንም ስሕተቱም ራሱ ወሬ ነጋሪ ነው፤ የሐበሻ ቋንቋ ለመካና ለመዲና ሰው እንደ ሩቅ አገር ነገር ሳይሆን በጎረቤት እንደሚሰማ ነገር ይታሰብ ነበር።

አውሮፓ ወደዚህ ክርክር የገባው ዘግይቶ ነው፤ አገባቡም ጠበኛ ነበር። የቦን ዩኒቨርሲቲ ሙሐመድ ከአይሁድ ሃይማኖት ምን እንደወሰዱ የሚመረምር ጽሑፍ ለውድድር አቀረበ። ያሸነፈው አብርሃም ጋይገር የሚባል ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ አይሁዳዊ ወጣት ነው፤ ሥራው በ1833 በጀርመንኛ ታተመ። ልብ በሉ፣ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተቀብሯል። ወስደዋል ወይ አይደለም የተጠየቀው፤ ምን ወሰዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ለመቶ ዓመት ያህል አንዱ ምሁር የአይሁድን፣ ሌላው የክርስቲያንን ድርሻ እየለካ እንደ ርስት ሙግት ሲካፈል ቆየ። ሪቻርድ ቤል በ1926 ወደ ክርስትናው ሲጎትት ቻርልስ ቶሬይ በ1933 ወደ አይሁድነቱ መለሰው። መጽሐፉ ራሱ ምን ይላል ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ቢሆንም ከዚያ ዘመን የቀረ እውነተኛ እውቀት አለ፤ ለኛ ደግሞ የሚቀርበው ክፍል እሱ ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ኖልደከ በ1910 ባሳተመው ሥራ ከግእዝ ወደ ዐረብኛ የገቡ ቃላትን አንድ በአንድ መረመረ። አውስትራሊያዊው አርተር ጄፍሪ በ1938 ሕንድ አገር፣ ባሮዳ ላይ ባሳተመው የቁርኣን ባዕድ ቃላት መዝገብ የኖልደከን ሥራ አሰፋው። ከሁሉ የሚያስገርመኝ ሱረቱል ማኢዳ ነው። የምዕራፉ ስም ማእድ ማለት ነው። መጨረሻው አካባቢ የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት ከሰማይ ማእድ እንዲወርድላቸው ይለምናሉ። ደቀ መዛሙርቱ የተጠሩበት ስም «ሐዋሪዩን» ነው፤ ሐዋርያት። የክርስቲያኖች ታሪክ ሲነገር ሁለቱ ዋና ቃላት የክርስቲያን ሐበሾች ቃላት ናቸው። ዐረብ የቋንቋ ሊቃውንት በበኩላቸው «ሐዋሪ»ን ከንጣት፣ ከነጭ ልብስ ጋር አያይዘውታል፤ «ማኢዳ»ንም መወዛወዝን ከሚገልጽ ግሥ አውጥተውታል። «ሖረ» ሄደ፣ «ሐዋርያ» ሂያጅ፣ መልእክተኛ መሆኑን ከልጅነቱ ለሚያውቅ የግእዝ ተማሪ ግን ነገሩ ያለቀለት ነው።

«ሙናፊቅ» ከዚህ ይብሳል። በቁርኣን ባፉ አምኖ በልቡ ያላመነ፣ አስመሳይ ሰው ማለት ነው። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ሥሩን ሲፈልጉ በረሃ ወረዱ። በረሃ ውስጥ የምትኖር አንዲት የምትዘል አይጥ አለች፤ ጉድጓዷን ስትቆፍር ሌላ ሥውር መውጫ ታበጃለች፤ የላዩን አፈር ስስ አድርጋ ትተወዋለች፤ አዳኝ በዋናው በር ሲመጣ በጭንቅላቷ ስሱን አፈር ገፍታ ታመልጣለች። የዚያች ሥውር በር ስም «ናፊቃእ» ነው። ሙናፊቅም እንዲሁ ባንዱ በር ወደ ሃይማኖት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ምሳሌው እጅግ ያምራል፤ በእውነት ከሆነ እንዲህ ያለ ማብራሪያ ቢሳሳትም አያስቆጭም። ኖልደከ ግን በቀላሉ መናፍቅ ነው አለ። በግእዝ ነፈቀ ማለት ከፈለ፣ ተጠራጠረ፣ ልቡ ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው። ቃሉ ዛሬ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ አንድ ነገር አይናገርም፤ ካህኑ ሃይማኖት ያጣመመውን ሲለው ሼኹ ሃይማኖት ያስመሰለውን ይለዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሰማ አንዳንድ ያገሬ ሰው «እንግዲያው ከእኛ ነው የተወሰደው» ብሎ ደረቱን ይነፋል። ቃል መዋስና ነገር መዋስ ግን ለየቅል ናቸው። ደግሞስ እኛ ቃሎቹን ከየት አመጣናቸው? ሃይማኖት፣ ምጽዋት፣ ጣዖት፣ ገሃነም፣ ታቦት፣ ኦሪት፤ እነዚህ ሁሉ ከአራማይክ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ለረጅም ጊዜ ተሰዓቱ ቅዱሳን ከሶርያ ይዘዋቸው መጡ ይባል ነበር። የቋንቋ ሊቁ ሃንስ ያኮብ ፖሎትስኪ በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ብዙዎቹ መልካቸው የክርስቲያን ሱርስት ሳይሆን የአይሁድ አራማይክ ነው ብሎ ክርክሩን ወደ ኋላ ገፋው። ስለዚህ «ምንጩ እኛ ነን» ያለ ሰው ምንጩን እየተከተለ ሽቅብ ቢሄድ ራሱን ሌላ ሰው ደጃፍ ላይ ያገኘዋል።

ከቃል ወደ ታሪክ እንለፍ። ታኅሣሥ 3 ቀን በአታ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ የተገኘ ሁሉ የዕለቱን ነገር ያውቀዋል። ማርያም በሦስት ዓመቷ ቤተ መቅደስ ገባች። ማን ይመግባት ተብሎ ጭንቅ ሆነ። መልአኩ ፋኑኤል ከሰማይ ኅብስትና ጽዋ ይዞ ወርዶ መገባት፤ ካህኑ ዘካርያስም አየ። ይህ ታሪክ በአራቱ ወንጌል የለም። አሁን ሱረቱ ኣል ዒምራንን ግለጡ። ዘከሪያ ወደ መርየም ጸሎት ቤት በገባ ቁጥር ምግብ ያገኛል፤ ይህ ከየት መጣልሽ ይላታል፤ ከአላህ ዘንድ ነው ትለዋለች። ጥቂት ዝቅ ብሎ ማርያምን ማን ያሳድጋት ተብሎ ዕጣ መጣሉ ይነገራል። ያም በእኛ መጻሕፍት በሽማግሌዎቹ በትር ታሪክ ይታወቃል። «ሚሕራብ» የሚለውን ቃል ራሱን ከምኵራብ ጋር ያያያዙት ምሁራን ነበሩ፤ በዚህኛው ግን ስምምነት የለም።

የሁለቱም ዘመድ የያዕቆብ ቀዳሚ ወንጌል በመባል የሚታወቀው የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጽሐፍ ነው። በግሪክኛ ተጽፎ ወደ ሱርስት፣ ወደ ቅብጥ፣ ወደ ግእዝም ተተርጉሟል። እንግዲህ የበአታ እናቶችና የኣል ዒምራን አንባቢዎች አንድ ታሪክ ይናገራሉ፤ አንዱ ካንዱ ገልብጦ ሳይሆን ሁለቱም ከወንጌል ውጪ ሰፊ አገር ያዳረሰ ወሬ ስለደረሳቸው። የድሮው ዘመን አውሮፓዊ ምሁር እዚህ ላይ «ተቀዳ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋ ነበር። ይህ መልስ ለእኔ ስንፍና ይመስለኛል። ሲድኒ ግሪፊዝ በ2013 ባወጣው መጽሐፉ ከእስልምና በፊት በዐረብኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቅዱስ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም ብሎ ይሟገታል። ታሪኩ የሚሄደው በአፍ ነበር፤ በመነኮሳት፣ በነጋዴዎች፣ በቅዳሴና በመዝሙር። ከጽሑፍ ገልባጭ ፈልጎ ማግኘት ስለዚህ ከባድ ነው፤ ያልተጻፈውን ማን ይገለብጣል?

ዛሬ ጥያቄውን የቀየሩት ምሁራን፣ ጀርመናዊቷን አንጀሊካ ኖይቪርትን የመሰሉት፣ «ከየት ወሰደ» ማለቱን ትተው «ማን ይሰማው ነበር» ይላሉ። ቁርኣን ሲነገር ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሰው ታሪኩን ያውቀዋል። ለዚህ እንደ ሱረቱል ከህፍ ያለ ምስክር የለም። ስለ ዋሻው ሰዎች፣ በኛ ስንክሳር ስለሚታሰቡት የኤፌሶን ሰባት ልጆች፣ ሲናገር ቁጥራቸው ላይ ሰዎች ሲከራከሩ ያሳየናል። ሦስት ናቸው አራተኛው ውሻቸው የሚል አለ፤ አምስት የሚል አለ፤ ሰባት የሚል አለ። ሱራው ቁጥሩን ለአላህ ትቶ አትከራከሩ ይላል። ሰው ሰምቶት በማያውቀው ታሪክ ቁጥር አይከራከርም። በ521 ያረፈው ሶርያዊው ያዕቆብ ዘሥሩግ ስለነዚሁ ልጆች በሱርስት ረጅም ድርሳን ደርሶ ነበር፤ ቁርኣን ከመነገሩ መቶ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

የሙስሊሙ መልስ ሌላ ነው፤ ቀላል ተደርጎ መታለፍም የለበትም። ቁርኣን ራሱን ከፊቱ የነበሩትን መጻሕፍት አረጋጋጭ ይላል። ላኪው አንድ ከሆነ መልእክቱ ቢመሳሰል ምን ይገርማል፤ ባይመሳሰል ነበር የሚያስጠረጥረው። የታሪክ ሰው ለዚህ መልስ የለውም፤ ሙያውም አይደለም። የእሱ ድርሻ ቃሉ በየት መንገድ እንዳለፈ መከተል ነው። ከሰማይ መምጣት አለመምጣቱን በመዝገበ ቃላት የሚወስን ቢኖር ለመዝገበ ቃላቱ አዝናለሁ።

በ1970ዎቹ ደግሞ ክርክሩ መሠረቱን የሚነቅል ሆነ። ጆን ዋንስብሮ በ1977 ባወጣው መጽሐፍ ቁርኣን በነቢዩ ዘመን ያልተጠናቀቀ፣ ከእሳቸው ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ከዐረቢያ ውጪ መልኩን የያዘ ነው አለ። በዚያው ዓመት ፓትሪሻ ክሮንና ማይክል ኩክ የሙስሊም ምንጮችን ሁሉ ወደ ጎን አድርገው የእስልምናን መነሻ ከውጪ ሰዎች ጽሑፍ ብቻ ለመጻፍ ሞከሩ። በኋላ በ2000 በብዕር ስም ክሪስቶፍ ሉክሰንበርግ የተባለ ሰው መጣና የገነትን ደናግል «ነጭ የወይን ፍሬ» አድርጎ ተረጎማቸው፤ ጋዜጣ ሁሉ ተቀባበለው። የቋንቋ ሊቃውንት ግን አብዛኞቹ አልተከተሉትም፤ እኔም በዚህ ብዙ ቀለም አላባክንም።

ለዋንስብሮ የመለሰለት ፍየልና በግ ነው። በ1972 የሰንዓ ታላቁ መስጊድ ሲጠገን ከጣሪያው ሥር ያረጀ ብራና ክምር ተገኘ፤ ሠራተኞቹ በጆንያ ከተቱት። ከመካከሉ አንዱ ሁለት ጊዜ የተጻፈበት ነው፤ የመጀመሪያው ተፍቆ በላዩ ሌላ ተጽፏል። የላዩ ዛሬ የምናውቀው ቁርኣን ነው፤ የታቹ ደግሞ በአንዳንድ ቃልና በሱራዎች ቅደም ተከተል ይለያል። ይህም ቢሆን የሙስሊም ምንጮች ስለ ኢብን መስዑድና ስለ ሌሎች ባልደረቦች ቅጂ ከሚናገሩት ዓይነት ልዩነት እንጂ ሌላ መጽሐፍ አይደለም። ከዚያ በሐምሌ 2015 የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ በእጁ የነበሩ ሁለት ቅጠሎችን አስመርምሮ ውጤቱን አወጀ። የኢራቅ ተወላጁ አልፎንስ ሚንጋና በ1920ዎቹ ከሰበሰባቸው የምሥራቅ መጻሕፍት ጋር የገቡ ናቸው፤ ከሌላ ቅጂ ጋር ተጠርዘው ልብ ያላቸው ሳይኖር ቆዩ። በካርቦን ምርመራው ብራናው ከ568 እስከ 645 ባለው ጊዜ ከሞተ እንስሳ የተሠራ መሆኑ 95.4 በመቶ የታመነ ሆነ። የሚለካው ቆዳው እንጂ ቀለሙ አይደለም፤ ቆዳ ተዘጋጅቶ ሊቀመጥ ይችላል። ያም ሆኖ የሁለት መቶ ዓመቱን ነገር ይዞ መቆም አስቸጋሪ ሆነ።

ቅጠሎቹ ላይ የተጻፈውን ባየሁ ጊዜ ፈገግ አልኩ። የሱረቱል ከህፍ ክፍል ነው፤ የዋሻው ሰዎች ተኝተው ፀሐይ በቀኛቸው ስታልፍ፣ ውሻቸው ደጃፉ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ ቀጥሎም ያ የቁጥር ክርክር። ከዚያ የሱረቱ መርየም መጨረሻ፣ ከዚያ የጣሃ መጀመሪያ። ኢብን ኢስሓቅ እንደጻፈው ጃዕፈር በሐበሻው ንጉሥ ፊት ያነበበው ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ነበር። ሁለት ቅጠል ተርፎ ከነሱ መካከል ለእኛ የሚቀርቡት መገኘታቸው የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ግን ደግ አጋጣሚ።

እንዲህ ያለ ቅጠል በብዙ ሺህ ተሰብስቦ ቢጠና ኖሮ ክርክሩ ድሮ በቀለለ። ሊሆንም ነበር። ጎትሄልፍ በርግሽትሬሰርና ተከታዩ ኦቶ ፕሬትስል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የጥንት ቁርኣኖችን ፎቶ እያነሡ 450 ጥቅል ፊልም አከማችተው ነበር። የመጀመሪያው በ1933 ተራራ ላይ ሞተ፤ ሁለተኛው በ1941 በአውሮፕላን አደጋ። ፊልሙ የተቀመጠበት የሙኒክ አካዳሚ በሚያዝያ 1944 በቦምብ ነደደ፤ ፊልሙም አብሮ ነደደ ተባለ። ይህን ያለው የነሱ ተማሪ አንቶን ሽፒታለር ነው። ለግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ዓለም አመነው። በመጨረሻ በእርጅናው ለኖይቪርት ፊልሙ እሱ ዘንድ እንዳለ ነገራት። ለምን ደበቀው? በቂ ምክንያት ሳይሰጥ ሞተ። ዛሬ በርሊንና ፖትስዳም ላይ በ2007 የተጀመረው ኮርፐስ ኮራኒኩም የተባለው የጥናት ሥራ የሚጠቀምበት ያንኑ ፊልም ነው።

ቃላቱ ባሕር የተሻገሩበት መንገድ ደግሞ በድንጋይ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ዐፄ ካሌብ በ525 ገደማ ሒምየርን ከወጉ በኋላ የአክሱም ሰዎች በየመን ግእዝ ይጽፉ ነበር፤ ማሪብ ከተገኘ አንድ የተሰባበረ ጽሑፍ ላይ የመዝሙረ ዳዊት ቃል በግእዝ ተቀርጾ ተነብቧል። ከነቢዩ መወለድ በፊት ማለት ነው፤ ከመካ በስተ ደቡብ፣ የቅመም ነጋዴ በሚመላለስበት መንገድ ላይ። የአክሱም የጦር ሰው የነበረው አብርሃ በ548 በማሪብ ግድብ አጠገብ ያቆመው ሐውልት በሳባ ቋንቋ ሲጀምር እግዚአብሔርን «ራሕማናን» ይለዋል፤ መሲሑንና መንፈሱንም ያስከትላል። ያን አካባቢ የሚያውቅ መካዊ ነጋዴ አር-ራሕማን የሚለው ስም እንግዳ አይሆንበትም።

ወንዙ ወደ አንድ ወገን ብቻ አልፈሰሰም። ከአሥራ ሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ የግእዝ መጻሕፍት አብዛኞቹ ከዐረብኛ ተተረጎሙ። ፍትሐ ነገሥት ራሱ የግብፃዊው ክርስቲያን ኢብን አል ዐሳል የዐረብኛ ሥራ ነው፤ የሥጋዊ ፍርድ ክፍሉ ከእስልምና የሕግ መጻሕፍት የተቀዳ ነገር እንዳለበት የሕግ ታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የክርስቲያን ንጉሥ ችሎት ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ የኢማሞች ድምፅ ከሩቅ ይሰማው ነበር ማለት ነው፣ ባያውቀውም።

ሱዩጢ የመዘገቡት አንድ ወሬ አለ። ኸሊፋው አቡበከር በዘመናቸው ቁርኣን ተሰብስቦ ሲጻፍ ለጥራዙ ስም ፈልጉለት አሉ። አንዱ «ኢንጂል» አለ፤ አልወደዱትም። አንዱ «ሲፍር» አለ፤ ያ የአይሁድ ነው ተባለ። ዐብዱላህ ኢብን መስዑድ ግን ሐበሻ ምድር ሳሉ «ሙስሐፍ» ሲባል የሰሙት መጽሐፍ እንዳለ ተናገሩ፤ በዚያ ተስማሙ። የሙስሊም ቁርኣን ጥራዝ እስከ ዛሬ ሙስሐፍ ይባላል፤ መጽሐፍ። ወሬው በትክክል እንዲህ ሆኖ ይሁን አይሁን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ግን የሙስሊም ወግ ራሱ ወዶና ፈቅዶ ያቆየው ነው፤ የክርስቲያን ሐበሻን ቃል ለቅዱሱ ጥራዝ ስም ማድረግ አላሳፈረውም።

በእኛ አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ የተተረጎመው የአማርኛ ቁርኣን ታተመ። ተርጓሚዎቹ ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ ነበሩ። «ማኢዳ» ላይ ሲደርሱ ማእድ አሉ። «ሙናፊቁን» ላይ ሲደርሱ መናፍቃን አሉ። ቃሎቹ ከአሥራ ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ቤታቸው ገቡ። ከዚያ ሱረቱን ኑር መጣ፤ የአላህ ብርሃን በ«ሚሽካት» ውስጥ ባለ መብራት የተመሰለበት። ሚሽካት ጥንት ግድግዳ ላይ የተቦረቦረ፣ ወደ ውጭ ያልዘለቀ፣ ኩራዝ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነው። ሙጃሂድ የሚባሉት ቀደምት ተንታኝ ቃሉ የሐበሻ ነው ብለዋል፤ ልክ ነበሩ። ችግሩ የአማርኛው መስኮት በመሐል ተበሳ፣ መስተዋት ገባበት፣ ሰው አንገቱን የሚያወጣበት ሆነ፤ ኩራዝ ቢያኖሩበት ንፋስ ያጠፋዋል። ተርጓሚዎቹ ቃሉን አልጣሉትም። ዝግ የሚል ጨመሩበት፤ «ዝግ መስኮት»።